«አንድ» የቱ ጋ ነው? ዲዚ ጊሌስፒ ከኩባ ከበሮ ጋር

ሁለት ሙዚቀኞች አንድ መድረክ ላይ ወጡ እንበል። ሁለቱም የተዋጣላቸው ናቸው። የሚጫወቱትም አንድ ዘፈን ነው። ግን አንደኛው «አንድ» (የቆጠራው መነሻ ምት) የሚልበት ቦታና ሌላኛው «አንድ» የሚልበት ቦታ አልገጠመም። ያኔ እግር ማረፊያ ያጣል። አድማጭ ምን እንደተበላሸ ባያውቅም የሆነ ነገር ይቆረቁረዋል።

ጃዝና የላቲን ሙዚቃ ሲገናኙ ዋናው ችግር እዚህች ጋ ነው። ብዙ ጊዜ «ጃዝ ላይ ኮንጋ (በእጅ የሚመታው ረጅሙ የኩባ ከበሮ) ጨመሩበትና ላቲን ጃዝ ሆነ» ሲባል እሰማለሁ። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ ቀን ልምምድ ባለቀ ነበር። ታላቁ ትራምፔተኛ ዲዚ ጊሌስፒ ግን በ20ዎቹ ዕድሜው ጀምሮት 71 ዓመት ሞልቶትም እዚያው ላይ ነበር። እሱን ይዘን ብንሄድ ጉዳዩ በደንብ የሚገባን ይመስለኛል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ እናጨብጭብ

ወሬውን በእጃችሁ ካልሞከራችሁት አይገባም። ስለዚህ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት።

ከ1 እስከ 16 በእኩል ፍጥነት ቁጠሩ። በ1፣ በ4፣ በ7፣ በ11 እና በ13 ላይ አጨብጭቡ። 16 ስትደርሱ ሳታቋርጡ ከ1 ጀምሩ። አራት አምስት ጊዜ ደጋግሙት። እጃችሁ ከለመደው በኋላ እግራችሁን ጨምሩ፤ እግር የሚመታው በ1፣ በ5፣ በ9 እና በ13 ነው።

መጀመሪያ ላይ እጅና እግር ይጣላሉ፤ አትደንግጡ። ከአምስቱ ጭብጨባዎች ከእግር ጋር የሚገናኙት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ 1 እና 13። የቀሩት ሦስቱ በእግሮቹ መካከል ነው የሚወድቁት። ሰውነትን የሚያወዛውዘውም ይኸው አለመገናኘት ነው።

ኩባዎች ይህንን ክላቬ ይሉታል፤ በስፓኒሽ «ቁልፍ» ማለት ነው። ብዙ ጊዜ በሁለት አጫጭር ጠንካራ እንጨቶች ነው የሚመታው። የመጀመሪያው ግማሽ ሦስት ምት አለው፣ ሁለተኛው ሁለት። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። ዘፈኑ በሦስቱ ሊጀምር ይችላል፣ በሁለቱም ሊጀምር ይችላል። አንዴ ከተጀመረ ግን አይገለበጥም። ዜማው፣ ፒያኖው፣ ቤዙ፣ ከበሮው፣ ትራምፔቱ ሁሉ በዚህ ቁልፍ ነው የሚገባው። እንጨቶቹ ባይመቱ እንኳ ሁሉም በልቡ ይሰማዋል። በተገለበጠው ጎን የገባ ሙዚቀኛ ኖታው ትክክል ቢሆን እንኳ ኩባዊ ጆሮ ላይ እንደ ስህተት ነው።

አሁን ጃዝን እንይ። የጊሌስፒ ዘመን ጃዝ ክላቬ የሚባል ነገር የለውም። ስዊንግ ነው። በስዊንግ ትንንሾቹ ምቶች እኩል አይደሉም፤ አንዱ ረዘም፣ ቀጣዩ አጠር ይላል። ቤዙ በአራቱም ምት ላይ አንድ በአንድ ይራመዳል፤ ሙዚቀኞቹም ራሳቸው «መራመድ» ነው የሚሉት። በኩባ ሙዚቃ ደግሞ ትንንሾቹ ምቶች በአመዛኙ እኩል ናቸው። ቤዙም አይራመድም። እንዲያውም «አንድ» ላይ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። አንዱን ቤት፣ ማለትም የቅድሙን 16 ግማሽ፣ 8 ብላችሁ ብትቆጥሩት ቤዙ የሚያርፈው 4 ላይና 7 ላይ ነው። 7 ላይ የሚመታው ኖታ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀጥለውን ቤት ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ቀድሞ የሚናገር ነው። እንግዳው ከመድረሱ በፊት በር እንደመክፈት በሉት።

እንግዲህ እነዚህን ሁለት ሰዎች አንድ ላይ አቁሟቸው። አሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች «አንድ»ን በእግሩ ረግጦ ይሄዳል። ኩባዊው ኮንጋ መቺ ያችኑ «አንድ» ባዶ ትቶ በጎኗ ያልፋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ወለሉ ይጠፋል።

ለኛ ሰው ይህ ያን ያህል ባዕድ ነገር አይደለም። ችክችካን 6 ብላችሁ ቁጠሩት። እግር ሁለት ቦታ ይከፍለዋል። በዚያው ላይ ሌላ ሰው ሦስት ቦታ ከፍሎ ቢያጨበጭብ አይጋጭም፤ ይደምቃል እንጂ። ሰርግ ላይ ሳንቆጥር የምናደርገው ነገር ነው። ክላቬን ከፈረንጁ ይልቅ እኛ ቶሎ እንይዘዋለን ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

ከበሮው የቀረው የት ነው?

የጃዝም የኩባ ሙዚቃም እናት አፍሪካ ነች። ታዲያ ልጆቹ ለምን እንዲህ ተራራቁ?

ጊሌስፒ የተወለደው በ1917 በደቡብ ካሮላይና፣ ቼራው በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በዚያው በደቡብ ካሮላይና በ1739 ስቶኖ በተባለ ቦታ በባርነት የተያዙ ሰዎች አመፁ። ከበሮ እየመቱ ነበር የተጓዙት። በዓመቱ፣ በ1740፣ የቅኝ ግዛቱ ገዢዎች አዲስ ሕግ አወጡ። ከሚከለከሉት ነገሮች መካከል ከበሮ፣ ቀንደ መለከትና ሌላም ድምፁ የሚጮህ መሣሪያ ይገኝበታል። መልእክት ያስተላልፋል፣ ሰው ይጠራል ብለው ፈርተው ነው። ሕጉ መለከቱንም መጥቀሱን ሳስብ ይገርመኛል። ከ177 ዓመት በኋላ እዚያው ምድር ላይ የዓለምን ትራምፔት አነፋፍ የሚለውጥ ልጅ ተወለደ።

በኩባ ነገሩ ሌላ ነበር። እዚያም ባርነቱ የከፋ ነበር፤ በ1886 ነው የቀረው። ግን አፍሪካውያኑ በየነገዳቸው የሚሰባሰቡባቸው ካቢልዶ የሚባሉ ማኅበራት እንዲኖሯቸው ተፈቅዶ ነበር። በነዚህ ማኅበራት ከበሮው፣ መዝሙሩ፣ ቋንቋው ሳይቀር ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ። ስለዚህ ሰሜን አሜሪካ ላይ ከበሮው ሲታፈን ምቱ ወደ ጭብጨባ፣ ወደ እግርና ወደ ድምፅ ገባ። ኩባ ላይ ግን ከበሮው ራሱ ቀረ።

ሁለቱ ፈጽሞ ተቆራርጠው ነበር ማለት አይደለም። በሃቫናና በኒው ኦርሊንስ መካከል መርከብ ሲመላለስ ኖሯል። ጄሊ ሮል ሞርተን የተባለው የጥንቱ የጃዝ ፒያኒስት ሙዚቃው ያቺ የስፓኒሽ ቃና ከሌለችው ጃዝ አይሆንም ይል ነበር። ግን ቃና ሌላ፣ ምትን አብሮ መያዝ ሌላ።

ባውሳ፣ ከዚያም ቻኖ

ጊሌስፒን ወደ ኩባ ሙዚቃ ያስገባው ሰው ማሪዮ ባውሳ ነው። የሃቫና ልጅ፣ ትራምፔተኛ። በ1930 ኒው ዮርክ ገብቶ እዚያው ቀረ። በ1939 እሱና ጊሌስፒ በካብ ካሎዌይ ኦርኬስትራ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጊሌስፒ ያንን ሥራ ያገኘውም በባውሳ ነው ይባላል፤ ባውሳ አሞኛል ብሎ ቀርቶ ወጣቱ በቦታው እንዲነፋ አደረገ። ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው።

ባውሳ በኋላ የሚስቱ ወንድም የሆነውን ዘፋኝ ማቺቶን ይዞ አዲስ ባንድ አደራጀ። የኩባ ከበሮን ከጃዝ የነፋስ መሣሪያዎች ጋር በአንድ ቅንብር አጣምሮ የጻፈ ሰው ነው። በ1943 የሠሩት «ታንጋ» ብዙዎች የመጀመሪያው የአፍሮ ኩባ ጃዝ ሥራ የሚሉት ነው። ባውሳ ሁለቱንም «አንድ» ያውቅ ነበር። በልጅነቱ ክላቬን ይዟል፣ ኒው ዮርክ ላይ ስዊንግን ተምሯል። በታሪክ መጻሕፍት ስሙ ከሚገባው በታች ነው የሚነሳው ብዬ አምናለሁ።

በ1947 ጊሌስፒ የራሱ ትልቅ ባንድ ነበረው። «ኮንጋ መቺ እፈልጋለሁ» ብሎ ባውሳን ጠየቀው። ባውሳም ከቻኖ ፖዞ ጋር አገናኘው።

ቻኖ በሃቫና ድሃ ሰፈር ያደገ፣ ዘፋኝ፣ ዳንሰኛ፣ የዜማ ደራሲና ከበሮ መቺ ነበር። ከባርነት ዘመን የተረፉትን የአምልኮና የወንድማማች ማኅበራት ምትና ዝማሬ ጠንቅቆ ያውቃል። እንግሊዝኛ ግን አይችልም። ጊሌስፒ ደግሞ ስፓኒሽ አይችልም። ቻኖ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ሲመልስ፣ እሱ የኔን ቋንቋ አይናገርም፣ እኔም የሱን አልናገርም፣ ግን ሁለታችንም አፍሪካን እንናገራለን ይል እንደነበር ይታወሳል።

ሴፕቴምበር 29 ቀን 1947 ኒው ዮርክ፣ ካርኔጊ አዳራሽ። ጊሌስፒ 30 ዓመት ሊሞላው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የጃዝ ኦርኬስትራ ፊት ኮንጋ ይዞ የቆመ ሰው በዚያ አዳራሽ ላለው ታዳሚ አዲስ ነገር ነበር። ከተጫወቷቸው ሥራዎች አንዱ ጆርጅ ራስል አብሮ ያቀናበረው ነው። በመሀሉ ቻኖ ብቻውን በከበሮውና በድምፁ የአገሩን ዝማሬ እንዲመራ ቦታ ተለቅቆለታል። ኦርኬስትራው ዝም አለ፣ ከበሮው ተናገረ።

ግን ልብ በሉ። ይህ ገና መቀባበል ነው። ተራ በተራ መናገር ነው። አብሮ መናገር ከባዱ ነው። ጊሌስፒ ኋላ እንዳወራው ቻኖ አንዳንድ ዘፈን ላይ «አንድ»ን የሚሰማው ሌላ ቦታ ነበር። ጥፋት አልነበረም፤ ያደገበት ነው። መፍትሔውንም ያገኙት ከወረቀት አይደለም። ባንዱ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ ሲጓዝ ቻኖ ለሙዚቀኞቹ ከበሮ ያድላቸዋል። ለአንዱ አንድ ምት፣ ለሌላው ሌላ ምት፣ ለሦስተኛው ሦስተኛ። ከዚያ ሁሉም አብረው ይመታሉ። ትራምፔት የሚነፋ ሰው እጁ ላይ ከበሮ ይዞ መንገድ ሙሉ ይማራል። ጊሌስፒ ራሱ ኮንጋ መምታት የለመደው እንዲህ ነው። እስከ መጨረሻ ዕድሜው መድረክ ላይ ትራምፔቱን አስቀምጦ ከበሮ ሲመታ ይታይ ነበር።

«ማንቴካ»ን ፈታ አድርገን ብናየው

የዚህ ትምህርት ፍሬ ዲሴምበር 1947 የተቀዳው «ማንቴካ» ነው። ቃሉ በስፓኒሽ የአሳማ ስብ ማለት ነው። ዩቲዩብ ላይ በቀላሉ ይገኛል፤ ክፈቱት።

ቻኖ ኖታ መጻፍ አይችልም ነበር። ሐሳቡን ይዞ መጥቶ ለጊሌስፒና ለአቀናባሪው ለጊል ፉለር እያንዳንዱን መሣሪያ በአፉ ዘፈነላቸው። ቤዙ እንዲህ ይበል። ሳክስፎኖቹ እንዲህ ይመልሱ። ትሮምቦኖቹ እዚህ ይግቡ። ትራምፔቶቹ ከላይ ይምጡ። ስትሰሙት ይኸው ነው፤ ኮንጋና ቤዝ መሬቱን ያነጥፋሉ፣ ከዚያ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባል። እያንዳንዱ ክፍል ብቻውን ቢሰማ አጭር ነገር ነው፤ ደጋግሞ ይመጣል። ውበቱ ሲደራረብ ነው። ኦርኬስትራው በሙሉ አንድ ትልቅ የከበሮ ጓድ ሆነ ማለት ነው።

ትልቁ ነገር ይህ ነው ለኔ። ቀድሞ ኮንጋው ነበር ወደ ጃዝ የሚጠጋው። እዚህ ላይ ጃዙ ተነስቶ ወደ ኮንጋው ሄደ።

ጊሌስፒ ግን አንድ ነገር አሳሰበው። በዚሁ ከቀጠለ ሙዚቃው አንድ ኮርድ ላይ እንደቆመ ያልቃል። ለጃዝ ሰው ኮርድ መለዋወጥ እንደ መንገድ ነው፤ ሲጠመዘዝ ደስ ይለዋል። ስለዚህ የመሀሉን ክፍል እሱ ጻፈው። 8 ቤት ይሆናል ብሎ ጀመረው፣ መውጫው አልመች ሲለው 16 ሆነ። እዚያ ክፍል ላይ ስትደርሱ ጆሯችሁን አቅኑ። ኮርዶቹ መለዋወጥ ይጀምራሉ፣ ቤዙ መራመድ ይጀምራል፣ ባንዱ ስዊንግ ይገባል። ቅድም የተማራችሁትን ጭብጨባ እያጨበጨባችሁ ከሆነ እዚህ ጋ እጃችሁ ግራ ይጋባል። ከዚያ የቻኖ ምት ይመለሳል፣ እጃችሁም ቦታው ይገባል።

አንዳንዶች ይህን እንደ ጉድለት ያነሱታል፤ ሁለቱ አልተዋሃዱም፣ ተራ ነው የተሰጣጡት ይላሉ። እኔ አልስማማም። ስፌቱ መታየቱ ነው የሚጥመኝ። ሁለት ሰዎች ሁለቱም ራሳቸውን ሳይሆኑ ከሚቀሩ፣ በስፌት ቢገናኙ ይሻላል።

ቻኖ ብዙ አልቆየም። ዲሴምበር 2 ቀን 1948 በኒው ዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር በሃርለም፣ ባር ውስጥ በጥይት ተገደለ። 33 ዓመቱ ነበር። ከካርኔጊው ምሽት አንድ ዓመት ከሁለት ወር ብቻ አልፏል። በዚያች አጭር ጊዜ የሠሩት ግን ከዚያ ወዲህ ኮንጋን የጃዝ መድረክ ቤተሰብ አድርጎ አስቀርቶታል።

ወዲህ ወደኛ

ይህ መንገድ አዲስ አበባም ደርሷል፤ በሙላቱ አስታጥቄ በኩል። ሙላቱ ለንደን ከተማረ በኋላ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያ ኒው ዮርክ ሄደ። በዚያን ጊዜ ኒው ዮርክ ከጊሌስፒና ከማቺቶ የወረሰችው የላቲን ድምፅ በየክለቡ ይጮህ ነበር። በ1966 ሙላቱ «አፍሮ ላቲን ሶል» የሚሉ ሁለት አልበሞች አወጣ። አብረውት ከተጫወቱት ብዙዎቹ የፖርቶ ሪኮ ልጆች ናቸው። በላቲኑ ምት ላይ የኢትዮጵያን አምስት ድምፅ ቅኝቶች አስቀመጠ። የኢትዮ ጃዝ ጅምሩ እዚያ ውስጥ ይሰማል። ቫይብራፎን (በዘንግ የሚመታ የብረት መሣሪያ) እና ኮንጋ ይዞ አገር ቤት መመለሱ በአጋጣሚ አልነበረም። የሙላቱን የቆዩ ሥራዎች ሰምታችሁ «ይሄ ምት ከየት መጣ?» ብላችሁ ከነበረ፣ መልሱ በከፊል ሃቫናና ሃርለም ነው።

በ71 ዓመት

በ1977 ጊሌስፒ በመርከብ ሃቫና ሄደ። የቻኖን አገር ማየት ፈለገ። በመኪናው ከተማውን የሚያዞረው አንድ ወጣት አገኘ። ወጣቱ ቀኑን ሙሉ ትራምፔት እንደሚነፋ ትንፍሽ አላለም። ማታ ሙዚቀኞቹ ሲሰባሰቡ ሹፌሩ ትራምፔት አንስቶ ነፋ። ጊሌስፒ ዓይኑን ማመን አቃተው። ልጁ አርቱሮ ሳንዶቫል ነበር።

በ1988 ጊሌስፒ «ዩናይትድ ኔሽን ኦርኬስትራ»ን አቋቋመ። ከኩባ ሳንዶቫል፣ ሳክስፎንና ክላርኔት ተጫዋቹ ፓኪቶ ዴሪቬራና ድራመሩ ኢግናሲዮ ቤሮአ። ከብራዚል ትራምፔተኛው ክላውዲዮ ሮዲቲ፣ የምት መሣሪያ ተጫዋቹ አይርቶ ሞሬራና ዘፋኟ ፍሎራ ፑሪም። ከፓናማ ፒያኒስቱ ዳኒሎ ፔሬዝ፣ ገና 20ዎቹን የጀመረ ልጅ። ከፖርቶ ሪኮ ኮንጋ መቺው ጆቫኒ ሂዳልጎ። ከአሜሪካ ደግሞ እንደ ጄምስ ሙዲ ያሉ የድሮ ባልደረቦቹ። ጁን 1989 ለንደን፣ ሮያል ፌስቲቫል አዳራሽ የተጫወቱት ተቀርጾ ወጣ፤ የግራሚ ሽልማትም አገኘ። ከተጫወቷቸው አንዱ የባውሳ «ታንጋ» ነው።

ትራምፔት በዕድሜ የሚጨክን መሣሪያ ነው። ድምፁ የሚወጣው ከከንፈር ንዝረት ነው። የከንፈር ዙሪያ ጡንቻ ሲደክም ከፍተኛው ድምፅ መጀመሪያ ይሸሻል። ፒያኒስት በ71 ዓመቱ ጣቱ ካልታመመ ይጫወታል፤ ትራምፔተኛ ግን ከገዛ ሥጋው ጋር ይታገላል። ስለዚህ በዚያ ቅጂ ጊሌስፒ እንደ ወጣትነቱ ኖታ አያዘንብም። ጣራውን የሚነካውን ድምፅ ለሳንዶቫል ይተውለታል፣ ለስለስ ያለውን ለሮዲቲ። እሱ ጥቂት ይናገራል፣ ይተነፍሳል፣ ደግሞ ይናገራል። ላቲን ምት ላይ ይህ ድካም አይመስልም። ከበሮው ሞልቶታልና ባዶ ቦታው የራሱ ትርጉም አለው። ቅድም እንዳልነው ኩባዊው ቤዝም «አንድ»ን ባዶ ይተዋል።

አሁን ደግሞ «አንድ» የቱ ጋ ነው ብሎ የሚጨነቅ የለም። ምክንያቱ ድራሙ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ቤሮአ በ1980 ከኩባ ወጥቶ በቀጣዩ ዓመት ከጊሌስፒ ጋር መጫወት ጀመረ። ጊሌስፒ ሁለቱንም ዓለም ከውስጥ የሚያውቅ የላቲን ድራመር እሱ ነው እያለ ያወድሰው ነበር። ከቻኖ ጋር በአውቶቡስ ወንበር ላይ የተጀመረው ነገር በአንድ ሰው እጅና እግር ውስጥ ገብቷል። የጊሌስፒን ዝነኛ ሥራ «ሌሊት በቱኒዚያ»ን ከዚያው ኮንሰርት ክፈቱና የቤሮአን ድራም ብቻ ተከተሉት። መጀመሪያ ላይ ምቱ እኩል፣ የኩባ ነው። ዜማው ሲታጠፍ ወደ ስዊንግ ይሄዳል፣ ከዚያ ይመለሳል። መተላለፊያዋ ላይ እግራችሁን ጠብቁት፤ አይሳሳትም።